የብራዚሏ አፓሬሲዳ እመቤታችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አፓሬሲዳ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ያው ናቸው። "ከወንዝ የወጣችው ናት?" "ያቺ የተሰበረችው?" "ለምን ጠቆረች?" በየጊዜው ከመመለስ አንድ ላይ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አፓሬሲዳ ማናት?

የብራዚል ካቶሊኮች የአገራቸው ጠባቂ አድርገው የሚያከብሯት የእመቤታችን የማርያም ምስል ናት። ከሸክላ የተሠራች ናት። ቁመቷ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። አንድ ሰው እንደ ሕፃን ሊያቅፋት ይችላል። ብዙ ሰው ስለ ዝናዋ ሰምቶ ትልቅ ሐውልት ይጠብቅና መጀመሪያ ሲያያት ይገረማል።

ሙሉ ስሟ በፖርቱጋልኛ "ኖሳ ሴኞራ ዳ ኮንሴይሳው አፓሬሲዳ" ነው። "ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነሰችው፣ የተገለጠችው እመቤታችን" እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፈረንሳይዋ ሉርድና በፖርቱጋሏ ፋጢማ እመቤታችን ለልጆች ታየች፣ አነጋገረች ይባላል። በአፓሬሲዳ ግን ለማንም የታየ ራእይ፣ የተነገረ መልእክት የለም። ከውኃ ብቅ ያለችው ምስሏ ናት። ስሙም ከዚያ መጣ።

እንዴት ነው የተገኘችው?

ነገሩ የሆነው በ1717 ኦክቶበር ላይ ነው። ብራዚል ያኔ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች። የሳኦ ፓውሎና የሚናስ አዲሱ አገረ ገዢ፣ የአሱማሩ ኮንት ዶም ፔድሮ ዴ አልሜይዳ፣ ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ ሚናስ ሲጓዙ በጉዋራቲንጌታ ከተማ እንደሚያልፉ ተሰማ። ከተማው ሽር ጉድ አለ። እኒህን ትልቅ ሰው ከነአጃቢዎቻቸው ምን ይመግቧቸው? ለዓሣ አጥማጆቹ ትእዛዝ ወረደ፦ ያገኛችሁትን ዓሣ ሁሉ ይዛችሁ ኑ።

ታሪኩ የሦስቱን ስም አስቀርቶልናል፦ ዶሚንጎስ ጋርሲያ፣ ዡዋው አልቬስ እና ፊሊፔ ፔድሮሶ። ታንኳቸውን ይዘው ፓራይባ ዱ ሱል ወንዝ ላይ ወጡ። ዓሣ የሚገኝበት ወቅት አልነበረም ይባላል። መረብ ይጥላሉ፣ ይስባሉ፣ ባዶ። ወረድ ይላሉ፣ ይጥላሉ፣ አሁንም ባዶ። ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ የታዘዙት በሹማምንት ነው።

ኢታጉዋሱ የሚባለው ወደብ ሲደርሱ ዡዋው መረቡን ወረወረ። ሲስበው የሆነ ነገር ይዟል። ዓሣ አልነበረም። ጭቃ የለበሰች፣ ከአንገት በላይ የሌላት የሴት ምስል ነች። ታንኳው ላይ አስቀመጧት። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ጣለ። አሁን ራሷ ወጣች። ከአካሉ ጋር ቢያገጥሟት ልክክ አለች።

እኔ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። የራሷን መጠን አስቡት። ከሕፃን ጡጫ ብዙም አትበልጥም። ወንዙ ይፈስሳል፣ ውኃው ድፍርስ ነው፣ የመረቡ ቀዳዳ እንዲህ ያለች ቁራጭ ሊያመልጠው ይችላል። ግን አላመለጠችም። ሰዎቹም ቢሆኑ "ይቺ የሸክላ ስብርባሪ ምን ታደርግልናለች?" ብለው መልሰው ሊጥሏት ይችሉ ነበር። ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ የታዘዙትን ዓሣ አላገኙም። እነሱ ግን ሁለቱንም ቁራጭ ጠቅልለው አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መረባቸው ዓሣ በዓሣ ሆነ። ታንኳው እንዳይሰጥምባቸው ፈርተው ወደ ዳር ተመለሱ።

ግብዣው ተበላ፣ አገረ ገዢው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የብራዚል ታሪክ የሚያስታውሳቸው በ1720 በቪላ ሪካ የተነሳውን አመፅ በጭካኔ ያፈኑ ሰው አድርጎ ነው። ምስሏ ከዓሣ አጥማጁ ቤት ቀረች።

ከዚያስ እንዴት ታወቀች?

በጎረቤት ነው የታወቀችው። ፊሊፔ ፔድሮሶ ለዓመታት ቤቱ አስቀመጣት። ራሷን ከአካሏ ጋር በሰም አያያዟት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈርተኛው እየተሰበሰበ መቁጠሪያ ይዞ ይጸልይ ነበር። በኋላ ልጁ አታናዚዮ ትንሽ የጸሎት ቤት ሠራላት። አንድ ቅዳሜ ነፋስ ሳይኖር ሻማዎቹ ጠፉ፣ ማንም ሳይነካቸው ተመልሰው በሩ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ወሬው ወንዙን ተከትሎ ሄደ። የጉዋራቲንጌታው ቆሞስ ጉዳዩን ይዘው ለጳጳሱ አቀረቡ። በ1745 በአቅራቢያው ካለው ኮረብታ ላይ የመጀመሪያዋ ቤተ ጸሎት ተከፈተች። ልብ በሉ፣ ከወንዙ ከወጣች 28 ዓመት ሆኗል። እስከዚያ ድረስ የያዟት ዓሣ አጥማጆችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቤተ ክህነት የመጣው እነሱን ተከትሎ ነው።

ማን ሠራት? ወንዝ ውስጥስ ማን ጣላት?

አጥኚዎች የሚያመሳክሯት ከቤነዲክቶስ ማኅበር መነኩሴው ከፍራ አጎስቲኞ ዴ ጄሱስ ሥራዎች ጋር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሳኦ ፓውሎ አካባቢ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሸክላውም የዚያው አካባቢ አፈር ነው።

ወንዝ ውስጥ ስለ መግባቷ የሚሰጠው ግምት ይህ ነው። የተሰበረ ቅዱስ ምስል ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ ስለዚህ ሰው ለውኃ ይሰጠው ነበር። እውነት ከሆነ አንድ ቤተሰብ የምስሏ አንገት ቢሰበርበት አዝኖ ነው ወንዝ የጨመራት ማለት ነው።

ለምን ጠቆረች?

ስትሠራ ቀለም ነበራት። ለዓመታት ውኃና ጭቃ ውስጥ ስትቆይ ቀለሙ ለቀቀ። ከወጣች በኋላ ደግሞ በሻማና በኩራዝ ጭስ ፊት ኖረች። ዛሬ መልኳ የቀረፋ ዓይነት ጥቁር ቡናማ ነው።

ምክንያቱ ይህ ይሁን እንጂ ትርጉሙ እዚያ አያበቃም። ብራዚል ከአፍሪካ በግዞት የመጡ ሚሊዮኖች በባርነት የማቀቁባት አገር ናት። እነዚያ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቀና ሲሉ የራሳቸውን መልክ የያዘች እናት አዩ። ጥቁር ብራዚላውያን "የኛ ናት" የሚሏት ከልባቸው ነው።

የሰንሰለቱ ታሪክ ምንድን ነው?

ዛካሪያስ የሚባል ባሪያ ነበር። አምልጦ ተያዘ። እጁ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ጌታው እየተመለሰ ሳለ በቤተ ጸሎቷ በኩል አለፉ። አንዴ ልጸልይ ብሎ ጠባቂውን ለመነ። ተፈቀደለት። ተንበርክኮ ሲማጸን ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወደቀ። ከአፓሬሲዳ ተአምራት ሁሉ በሕዝቡ አፍ የበለጠ የሚነገረው ይህ ነው።

ሌሎችም አሉ። በፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን ልግባ ያለ የኩያባ ሰው የፈረሱ ኮቴ ደረጃው ላይ ተጣብቆ ቀረ ይባላል። ከጃቦቲካባል ከእናቷ ጋር የመጣች ዓይነ ስውር ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ሳለች በድንገት "እማዬ፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ታምራለች!" አለች።

ዘውዱን ማን ሰጣት?

የወርቅ ዘውዱ የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ልጅ የልዕልት ኢዛቤል ስጦታ ነው። ኢዛቤል በ1888 ባርነትን ያስቀረውን ሕግ የፈረሙት ናቸው። ልጅ አጥተው በ1868 እሷ ዘንድ ሄደው ተማጽነው ነበር፤ በኋላ ወልደዋል። ምስሏ በዚያ ዘውድ በይፋ የተነገሠችው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1904 ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያስያዛት ሰማያዊ ካባዋ ነው። ካባው ሲነሳ ውስጧ ያለችው ቀጭን፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ለጸሎት የገጠመች፣ ጨረቃ ላይ የቆመች ሴት ናት።

በ1978 ምን ተፈጠረ?

ሜይ 16 ቀን 1978፣ ማታ። ምስሏ ያኔ በነበረችበት በአሮጌው ባዚሊካ፣ ማለትም በአሮጌው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ የዕለቱ የመጨረሻ ቅዳሴ እየተቀደሰ ነው። መብራት ጠፋ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ወደ ፊት ሮጦ ምስሏ ያለችበትን መስታወት ሰብሮ አወጣት። ጥበቃ ሊይዘው ሲል ወለል ላይ ወደቀች።

ከ260 ዓመት በፊት ሁለት ሆና የወጣችው ምስል አሁን ወደ 200 የሚጠጋ ስብርባሪ ሆነች። ራሷ ከሁሉ የከፋ ነበር። ከፊሉ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል።

መጀመሪያ ምክር የተጠየቀው ቫቲካን ነው። የቫቲካን ሙዚየሞችን ይመሩ የነበሩት ዴዎክሌሲዮ ሬዲግ ዴ ካምፖስ ብራዚላዊ ነበሩ። አገር ውስጥ መሥራት ይቻላል አሉና ወደ ሳኦ ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ወደ ዳይሬክተሩ ፒየትሮ ማሪያ ባርዲ ላኩት። ባርዲ ሥራውን ለሙዚየሙ ጠጋኝ ለማሪያ ኤሌና ሻርቱኒ ሰጡ።

እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አስቀምጡ። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የሸክላ ፍርስራሽ ነው። አንዳንዱ እንደ ጥፍር ያነሰ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚነግር የለም። ስህተት ቢሠራ ደግሞ የሚያዝነው አንድ የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ ሳይሆን አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ነው። ሻርቱኒ አንዱን ቁራጭ ከሌላው እየገጠመች፣ በማጣበቂያ እያያያዘች፣ የጠፋውን እየሞላች 33 ቀን ሠራች። ያኔ አማኝ ነኝ የምትል ሴት አልነበረችም። በኋላ ራሷ እንደተናገረችው ያ ሥራ ሕይወቷን ለውጦታል። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ምስሏን የምትመረምረውና የምትንከባከበው እሷው ሆነች።

ኦገስት 19 ቀን 1978 አፓሬሲዳ በእሳት አደጋ መኪና ላይ ሆና ከሳኦ ፓውሎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዱትራ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ሰው ተሰልፎ መሐረብ እያውለበለበ፣ እያለቀሰ ተቀበላት።

አንዳንዱ "ታዲያ ዛሬ ያለችው ያቺው የድሮዋ ናት?" ይላል። ናት። ሸክላው ያው ሸክላ ነው። ደግሞም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠገነች ነበረች። ዓሣ አጥማጆቹ በሰም አጣበቋት፣ ሻርቱኒ በዘመናዊ ማጣበቂያ። ሕዝቡ ያወቃትና የወደዳት ስብራቷን እያየ ነው። የልጅ፣ የትዳር፣ የሥራ ስብራት ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰው ወደ እሷ ምን ይዞ ይሄዳል?

ስለት። በባዚሊካው ሥር "የስለት ክፍል" ብንለው የሚሻል አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ። ጣሪያው በሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ተሸፍኗል። መደርደሪያው ላይ ከሰም የተሠራ እግር፣ እጅ፣ ራስ፣ ጡት ታያላችሁ። የትኛው የሰውነት ክፍል ዳነ፣ እሱ በሰም ተሠርቶ ይመጣል። ክራንች፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የምረቃ ቆብ፣ የእግር ኳስ ማልያ፣ ጊታር፣ ከአደጋ የተረፈ ሰው የራስ ቁር። ስለት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን ክፍል ዕቃ ቤት ይለው ይሆናል። አንድ ጊዜ እንኳ "ይሄን ብቻ አውጪኝ" ብሎ የተሳለ ግን ለምን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ እንባው ይመጣል።

አሮጌውን ባዚሊካ ከአዲሱ የሚያገናኝ 392 ሜትር የሚረዝም የእግረኛ ድልድይ አለ። "የእምነት ድልድይ" ይሉታል። ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ስለት ያለባቸው ሰዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በጉልበታቸው ይሄዱታል። አንዳንዱ ልጁን አቅፎ፣ አንዳንዷ ባሏ እጇን ይዟት። ከሳኦ ፓውሎ ከተማ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር የሚመጡም አሉ። በብስክሌት የሚመጣ አለ፣ በፈረስ የሚመጣ አለ። አብዛኛው ግን ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል።

ይሄ ሐውልት ማምለክ አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ከእኛም ሰው በተደጋጋሚ ይመጣል፤ ቅዱሳት ሥዕላትን እንጂ እንዲህ ያለ ቅርጽ ማየት ላልለመደ ዓይን እንግዳ ነውና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መልስ ግልጽ ነው። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ለእመቤታችን የሚሰጠው ክብር ነው፣ የሚጠየቀው ምልጃ ነው። ምስሉ የሚያስታውሰው እሷን ነው። የእናቱን ፎቶ የሚስም ሰው ወረቀቱን እንደማይስመው ማለት ነው።

ብራዚል ውስጥም ክርክሩ አለ። በ1995፣ በበዓሏ ቀን በኦክቶበር 12፣ አንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር በቴሌቪዥን የእሷን ዓይነት ምስል በእግሩ ሲመታ ታየ። ቅጂ ነው እንጂ ዋናዋ አይደለችም። አገሩ ግን ተናወጠ። ወደ ቤተ ክርስቲያን እግራቸውን ካነሱ የቆዩ ሰዎች ሳይቀሩ እናታቸው የተመታች ያህል ተሰማቸው። ከአፍሪካ የመጣውን እምነት የሚከተሉ ብዙዎች ደግሞ ኦሹን ከምትባለው የውኃ መንፈስ ጋር ያስተሳስሯታል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም፤ ግን በብራዚል ሰው ኑሮ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

በዓሏ መቼ ነው?

ኦክቶበር 12፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 2 ቀን። ከ1980 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። ቀኑ በብራዚል የልጆች ቀንም ስለሆነ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣል።

የአገሪቱ ጠባቂ ተብላ የታወጀችው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1930 ነው። በማግስቱ ዓመት ሜይ 31 ምስሏ ወደ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወስዳ፣ የመንግሥቱ መሪ ጌቱሊዮ ቫርጋስ በተገኙበት አዋጁ በሕዝብ ፊት ተነበበ።

ባዚሊካው ምን ያህል ትልቅ ነው?

በጣም። ከሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ይጠቀሳል። ንድፉ የቤኔዲቶ ካሊስቶ ኔቶ ነው፤ አራት እኩል ክንድ ያለው መስቀል ቅርጽ አለው። ግንባታው በ1955 ተጀመረ። በ1980 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ባረኩት። ምስሏ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ወደዚህ ለዘለቄታው የገባችው በ1982 ነው። በዓመት የሚመጣው ምዕመን ከ10 ሚሊዮን ያላነሰባቸው ዓመታት አሉ፤ የከተማዋ ነዋሪ ግን ከ40 ሺህ በታች ነው። የሚያገለግሏት የሬደምፕቶሪስት ማኅበር ካህናት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1894 ከጀርመን፣ ከባቫሪያ መጡ።

ከዮሐንስ ጳውሎስ በኋላ በነዲክቶስ 16ኛ በ2007፣ ፍራንቸስኮስ በ2013 ሄደው ጸልየዋል።

መሄድ ብፈልግ ምን ልወቅ?

ከተማዋ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ሪዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከሳኦ ፓውሎ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በኦክቶበር 12 ሳምንት ሕዝቡ አይቻልም። ረጋ ብሎ መጸለይ የሚፈልግ ሰው ሌላ ወር፣ በሥራ ቀን ቢሄድ ይሻለዋል። አለባበስ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሆነው ይሁን።

ምስሏ ከፍ ብላ በመስታወት ውስጥ ስለተቀመጠች ከፊቷ ብዙ መቆም አይቻልም። ሰልፉ ይገፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ መሰለፍ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወደ ኢታጉዋሱ ውረዱ። ብዙ ሰው ባዚሊካውን አይቶ፣ ሻማ አብርቶ፣ መቁጠሪያ ገዝቶ ወንዙን ሳያይ ይመለሳል። ያሳዝነኛል። ዡዋው አልቬስ መረቡን የጣለው እዚያ ነው። ፓራይባ ዱ ሱል ዛሬም እንደ ድሮው ድፍርስ ሆኖ ይፈስሳል። ዳር ላይ ቆማችሁ ውኃውን ስታዩት፣ ያቺ ትንሽ ራስ ከየት ወጥታ መረብ ውስጥ እንደገባች ማሰባችሁ አይቀርም።